የጭነት መኪና ሹፌር ክፍያ እንዴት ይተመናል? ከሁለት እስከ ስድስት መኪና ላላቸው ባለንብረቶች

«ለሹፌር ስንት ልክፈል?» የሚለው ጥያቄ ከባለንብረቶች በተደጋጋሚ ይመጣል። አንድ ቁጥር ጠርቶ መገላገል ይቻላል። ያ ቁጥር ግን ለሞጆ–ጅቡቲ ተሳቢ ቢሆን ለአዲስ አበባ–ሐዋሳ ኤፍኤስአር (መካከለኛ የጭነት መኪና) አይሆንም፤ ዘንድሮ ቢሆን ከርሞ አይሆንም። ስለዚህ እዚህ የቀረበው ቁጥሩ የሚወጣበት መንገድ ነው።

ምሳሌው በሙሉ ከሞጆ ጅቡቲ በሚመላለስ አንድ ተሳቢ ላይ ተሠርቷል። ደመወዙ፣ አበሉና የቢያጆ (የአንድ ደርሶ መልስ ጉዞ) ክፍያው ስሌቱን ለማሳየት የገቡ ናቸው፤ የገበያ ዋጋ አድርገው አይውሰዷቸው። የሕግ ገደቦቹና የመቶኛ ተመኖቹ ግን በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 እና በገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ያሉት ናቸው።

አንድ መለኪያ ሁሉም ደረጃ ላይ ይመለሳል፦ ክፍያው ሹፌሩን የሚያስቸኩል ከሆነ ፍትሐዊ አይደለም፤ ለእርስዎም አያዋጣም። በችኮላ የተገኘው ትርፍ በጎማ፣ በፍሬን ሸራ፣ ሲብስም በግጭት ተመልሶ ይሄዳል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ያለፉት 6 ወራት የጉዞ መዝገብ፦ የተነሳበትና የደረሰበት ቀንና ሰዓት፣ የቆመበት ቦታ፣ የኪሎ ሜትር ንባብ። ከሌለ ዛሬ ደብተር ይክፈቱና ቢያንስ ሦስት ደርሶ መልስ ይመዝግቡ
- የናፍጣ ደረሰኞች፣ ጂፒኤስ ካለም ሪፖርቱ
- የጭነት ውሎችና የማስረከቢያ ሰነዶች
- በዚያው መስመር፣ በተመሳሳይ መኪና የሚሠሩ አምስት ሹፌሮችና ሦስት ባለንብረቶች የሚነግሩዎት ወርኃዊ ጠቅላላ ክፍያ
- የአዋጅ 1156/2011 ቅጂ
- ካልኩሌተር ወይም ኤክሴል
- ግማሽ ቀን፣ ከዚያም ከሹፌሩ ጋር ቁጭ ብሎ የሚነጋገሩበት አንድ ሰዓት

1. ገንዘቡን በአራት ይክፈሉ

በብዙ ቦታ ባለንብረቱ ለሹፌሩ አንድ ጥቅል ብር ይሰጠዋል፤ ናፍጣው፣ ምግቡ፣ ጎሚስታው፣ ክፍያው ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። የጭቅጭቁ ሁሉ ምንጭ ይህ ጥቅል ነው። እንዲህ ይለዩት፦

- ደመወዝ፦ መኪናው ቢሄድም ቢቆምም በየወሩ የሚከፈል።
- ውሎ አበል፦ ከቤቱ ውጭ ለሚበላውና ለሚያድርበት።
- የቢያጆ ክፍያ፦ ለተጠናቀቀ ደርሶ መልስ የሚጨመር።
- የመኪና ወጪ፦ ናፍጣ፣ የመንገድ ክፍያ፣ ጎማ ማስጠገኛ፣ ጥበቃ። ይህ የእርስዎ ወጪ ነው እንጂ የሹፌሩ ገቢ አይደለም።

መለየቱ ለምን ይጠቅማል? በአዋጁ መሠረት አበል፣ ማትጊያና የትርፍ ሰዓት ክፍያ እንደ «ደመወዝ» አይቆጠሩም። የዓመት ፈቃድ፣ የሕመም ፈቃድና የሥራ ስንብት ክፍያ ግን የሚሰሉት በደመወዝ ነው፤ ጡረታም የሚቆረጠው ከደመወዝ ነው። ደመወዙን 3,000 ብር ጽፈው ቀሪውን በቢያጆ የሚከፍሉ ከሆነ፣ ሹፌሩ ሲታመም የሚያገኘው ከ3,000 ብር ላይ ተሰልቶ ነው። ይህን የሚያውቅ ሹፌር ታሞም ይነዳል።

የመኪናውን ወጪ በተለየ የሞባይል ባንክ ሂሳብ ወይም በተለየ ፖስታ ይስጡ። ገጠር ያለ ጎሚስታ ደረሰኝ ስለማይሰጥ፣ ሹፌሩ የሥራውን ዓይነት፣ ቦታውንና የሠሪውን ስልክ የሚጽፍበት ትንሽ ቅጽ አትመው ይስጡት፤ ፎቶ ያንሣ፤ የተቀየረውን አሮጌ ዕቃም ይመልስ። «ከኪሴ አወጣሁ»ና «አላመንኩህም» የሚባባሉበት ምክንያት ያኔ ይጠፋል።

2. ደርሶ መልሱ በእውነት ስንት ቀን እንደሚፈጅ ይለኩ

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጡት የሚገባው ደረጃ ይህ ነው። ባለንብረት ሁሉ መስመሩን በኪሎ ሜትር ያውቀዋል፤ በሰዓት የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው።

ሞጆ–ጅቡቲ ደርሶ መልስ በጋላፊ ድንበር በኩል በግምት 1,700 ኪ.ሜ. ይዘን እንሥራ። የጫነ ተሳቢ ዳገቱን፣ ፍተሻውንና ከተማ ማቋረጡን ጨምሮ በሰዓት በአማካይ 40 ኪ.ሜ. ቢሄድ፦

1,700 ÷ 40 = 42.5 ሰዓት መንዳት

መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። 42.5 ÷ 8 = 5.3፣ ማለትም መንዳቱ ብቻ 6 ቀን ይፈልጋል። ወደብ ላይ ተራ መጠበቅ፣ መጫን፣ ጋላፊ ላይ ሰነድ ማስጨረስ፣ ሞጆ ላይ ማራገፍ 2 ቀን ቢወስዱ፣ አንድ ቢያጆ 8 የሥራ ቀን ሆነ። ወር ውስጥ ከሳምንታዊ ዕረፍት ውጭ ወደ 26 የሥራ ቀን አለ፦

26 ÷ 8 = 3.25

ስለዚህ በወር 3 ቢያጆ ጣሪያው ነው። ወደቡ ሲጨናነቅ 2 ይሆናል። አሁን የሚከፍሉበት መንገድ ሹፌሩ ኑሮውን ለመቻል 5 ቢያጆ እንዲሠራ የሚያስገድድ ከሆነ፣ ቀሪዎቹን ሁለቱን ከእንቅልፉ ላይ ነው የሚያመጣቸው። ሌሊት በጫት ተነቅቶ የሚነዳው ሹፌር ጉዳይ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚህ ስሌት ነው፤ በምክር አይስተካከልም።

በዚህ ደረጃ ላይ የሚያጋጥም ስህተት፦ የተሻለውን ጉዞ መለኪያ ማድረግ። «አንዴ በአምስት ቀን ደርሶ ተመልሷል» የሚለው አይሠራም። ከመዝገብዎ ፈጣኑንና ዘገምተኛውን አውጥተው የቀሩትን አማካይ ይውሰዱ። የመጠበቂያውን ሰዓት ከመንዳቱ ለይተው ይጻፉ፤ ደረጃ 6 ላይ ያስፈልጋል።

3. መነሻ ደመወዙን ይወስኑ

ከሹፌሮችና ከባለንብረቶች የሰበሰቡትን ጠቅላላ ክፍያ ይያዙ። ሲጠይቁ «አበልን ጨምሮ ነው ወይስ ሳይጨምር?» ይበሉ፤ አለዚያ የማይነጻጸር ቁጥር ይዘው ይመለሳሉ። ሹፌሮች የሚነግሩዎት ዝቅ፣ ባለንብረቶች የሚነግሩዎት ከፍ ያለ ቢሆን አይገረሙ፤ መሐሉን ይውሰዱ።

አበሉን ካወጡ በኋላ ከሚቀረው ጠቅላላ ክፍያ ቢያንስ 60 በመቶው ደመወዝ ይሁን። ይህ መጠን ሕግ አይደለም፤ የእኛ ፍርድ ነው። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው፦ መኪናው ወሩን ሙሉ ጋራዥ ቢውል የሹፌሩ የቤት ኪራይና የልጆቹ ትምህርት ቤት አይቆሙም። በአዋጁም ሠራተኛው ለሥራ ዝግጁ ሆኖ በእርሱ ባልመጣ ምክንያት ሳይሠራ ቢቀር ደመወዙ ይከፈለዋል። መለዋወጫ ጠፍቶ መኪናው ቆመ ማለት የሹፌሩ ጥፋት አይደለም።

ምሳሌ፦ ያለ አበል ጠቅላላው 22,500 ብር ገደማ ከሆነ፣ ደመወዙ 15,000 ብር (67 በመቶ) ይሁን።

የሰዓት ተመኑንም እዚሁ ያውጡ። በሳምንት 48 ሰዓት ማለት በወር 208 ሰዓት ነው (48 × 52 ÷ 12)።

15,000 ÷ 208 = 72.12 ብር በሰዓት

የትርፍ ሰዓት ክፍያ፦

- ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት፦ 1.5 እጥፍ = 108.17 ብር
- ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት፦ 1.75 እጥፍ = 126.20 ብር
- በሳምንታዊ ዕረፍት ቀን፦ 2 እጥፍ = 144.23 ብር
- በሕዝብ በዓል ቀን፦ 2.5 እጥፍ = 180.29 ብር

ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ አይችልም። በ7 ቀን ውስጥም ያልተቆራረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት ይኑር፤ ጉዞ ላይ ከሆነ እሁድን በሌላ ቀን ይለውጡለት።

⚠ «የቢያጆ ክፍያው ትርፍ ሰዓትን ይጨምራል» ብለው ውል ላይ አይጻፉ። ሁለቱ የተለያዩ ክፍያዎች ናቸው። ክርክር ሲነሣ ሰዓቱን ያልመዘገበው ወገን ነው የሚቸገረው፤ እሱም አብዛኛውን ጊዜ ባለንብረቱ ነው።

4. ውሎ አበሉን በዋጋ ይሥሩ

አበልን በልማድ አይተምኑ። ሹፌሩ በሚያድርባቸው ከተሞች፣ ለምሳሌ አዋሽ፣ ሚሌ፣ ሎጊያ፣ የቁርስ፣ የምሳ፣ የእራት፣ የመኝታና የውኃ ዋጋ ይጠይቁና ይደምሩ። በአፋር በረሃ ውኃው ብቻ ራሱን የቻለ ወጪ ነው። ጅቡቲ ውስጥ ወጪው በፍራንክ ስለሆነና ስለሚወደድ ለዚያ ወገን የተለየ ተመን ያውጡ።

ሦስት ደንቦች፦

- አበሉ በአዳር ይቆጠር፤ በቢያጆ አይደለም። በቢያጆ ከሆነ ሦስት ቀን ወደብ የቆመው ሹፌር ጾሙን ያድራል፤ ወይም ያንን አበል ለማትረፍ ጋቢና ውስጥ ተኝቶ በማግስቱ ሳይነቃ ይነዳል።
- ከመነሳቱ በፊት ይከፈል። ተመልሶ ሲመጣ የሚከፈል አበል ሹፌሩ ያበደረዎት ገንዘብ ነው።
- በየሦስት ወሩ ዋጋውን ጠይቀው ያስተካክሉ።

አበል ከግብር ነጻ የሚሆነው በመመሪያ እስከተወሰነው ጣሪያ ድረስ ብቻ ነው፤ ከዚያ የበለጠው ከደመወዙ ጋር ተደምሮ ግብር ይከፈልበታል። ደመወዝን አሳንሶ በአበል ስም መክፈል በግብር ምርመራ ጊዜ ወዲያው የሚታይ ነገር ነው።

ለምሳሌያችን 1,000 ብር በአዳር ብንይዝ፣ 8 ቀን ማለት 7 አዳር፣ 7,000 ብር ይሆናል።

5. የቢያጆ ክፍያውን ይጨምሩ

ሦስት አማራጭ አለ፦

*በመቶኛ።* ከጭነቱ ዋጋ ይህን ያህል መቶኛ ማለት ነው። ለባለንብረቱ ቀላል ይመስላል፤ ሹፌሩ ግን በማይወስነው የጭነት ዋጋ ይጎዳል፤ ጭነት በኩንታል ሲሆን ደግሞ ከልክ በላይ ለመጫን ይገፋፋል። ሚዛን ላይ ሲያዝ የሚቆመው መኪናው ነው። አንመክረውም።

*በኪሎ ሜትር።* ጂፒኤስ ላላቸውና መስመራቸው ለሚለዋወጥ ጥሩ ነው። ቆሞ መጠበቅን ግን ዋጋ አይሰጠውም፤ ስለዚህ ደረጃ 6 ከሌለ አይሠራም።

*በቢያጆ ቁርጥ።* አንድ ቋሚ መስመር ላለው ትንሽ ባለንብረት የሚበጀው ይህ ነው። ሹፌሩም ራሱ በአእምሮው ሊያሰላው ይችላል፤ ሊያሰላው የማይችለውን ክፍያ አያምነውም።

ምሳሌ፦ 2,500 ብር በቢያጆ። ይህ የሚከፈለው ጭነቱ ሳይጎድል ሲረከብ፣ ማሸጊያው (ሲሉ) ሳይነካ ሲደርስና ሰነዱ ሲመለስ ነው። «ቶሎ ከደረስክ ይህን ያህል እጨምራለሁ» የሚል ነገር አይጨምሩበት። በወር ከደረጃ 2 ጣሪያ በላይ፣ እዚህ ከ3 በላይ፣ ለተሠራ ቢያጆ አይክፈሉ፤ መኪናውንም አያሰማሩ። ይህ ጭካኔ ሊመስል ይችላል፤ አራተኛውን ከከፈሉ ግን ጣሪያ የለዎትም።

ሹፌሩ የመልስ ጭነት ቢያገኝ የራሱ ድርሻ በጽሑፍ ይቀመጥለት፤ ለደላላ ከሚከፍሉት ኮሚሽን ግማሹ ሚዛናዊ ነው። ድርሻው ካልታወቀ ጭነቱ ይጫናል፣ እርስዎ ግን አይሰሙም።

6. የቆመበትን ቀን ይክፈሉ፣ ከአስጫኙም ያስከፍሉ

ደመወዙ እየተከፈለ ቢሆንም ሹፌሩ ወደብ ላይ ሲቆም የቢያጆ ክፍያው ይዘገይበታል። ያንን በቀን ይመልሱለት፦

2,500 ብር ÷ 8 ቀን = 312.50 ብር በቀን

በእያንዳንዱ ጫፍ የመጀመሪያው 24 ሰዓት ነጻ ይሁን፤ ከዚያ በኋላ ላለው እያንዳንዱ ቀን 312.50 ብርና የአዳር አበል ይከፈል። መንገድ ተዘግቶ ወይም የጸጥታ ችግር ኖሮ ቆሞ ከሆነም እንደዚሁ ነው። መቆም የሚያስቀጣው ሹፌር ማለፍ በሌለበት ያልፋል።

ይህን ወጪ ብቻዎን አይሸከሙት። ከአስጫኙ ጋር በሚፈራረሙት የጭነት ውል ላይ ነጻው የመጠበቂያ ሰዓት ስንት እንደሆነና ከዚያ በኋላ በቀን ስንት እንደሚከፈል ይጻፉ። የሚያስከፍሉት ለሹፌሩ ከሚሰጡት በላይ መሆን አለበት፤ መኪናዎም ቆሟልና። ለመጠየቅ ማስረጃ ያስፈልጋል፦ ሹፌሩ ሲደርስና ሲለቅ በር ላይ ሰዓቱን አስፈርሞ ወይም በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ይላክ።

7. ናፍጣን ከክፍያ ያውጡ

«ይህ የናፍጣ ቁርጥ ነው፣ የተረፈው የአንተ ነው» የሚለው አሠራር ምቹ ይመስላል። ናፍጣ ለማትረፍ አጭሩ መንገድ ግን ቁልቁለት ላይ ማርሹን ዜሮ አድርጎ መልቀቅ ነው። በጎሐ ጽዮን–ደጀን የዓባይ ቁልቁለት ወይም በጣርማ በር ይህ ማለት የሞተሩ መያዝ የለም፣ ፍሬን ብቻውን ሁሉንም ይሸከማል፣ ይግላል፣ ይስታል ማለት ነው።

ይልቁንም፦

- መኪናውን አፍ ድረስ ሞልተው ይላኩ፤ ሲመለስ እዚያው ማደያ አፍ ድረስ ይሙሉ። በጫነ መኪና ሦስት ጊዜ ይለኩና አማካዩን ይያዙ።
- ለምሳሌ በሊትር 2.2 ኪ.ሜ. ከወጣ፦ 1,700 ÷ 2.2 = 773 ሊትር። የመኪናው ልክ ይህ ነው። ሌላ መኪና የራሱ ልክ ይኖረዋል፤ የአንዱን ለሌላው አይጠቀሙ።
- ከልኩ በታች ከመጣ የቁጠባውን ሩብ ለሹፌሩ ይስጡ፤ ግን የሚሸለመው ቁጠባ ከልኩ 3 በመቶ (እዚህ 23 ሊትር) አይበልጥ። ከዚያ በላይ የሚቆጠበው በዜሮ ወይም በሌላ መንገድ የመጣ ነውና ማበረታቻ አይገባውም።
- ከልኩ 5 በመቶ በላይ ከሄደ መጀመሪያ ኖዝሉን (ናፍጣ መርጫውን)፣ የጎማ ነፋሱን፣ የሚይዝ ፍሬን ካለ ያስመርምሩ። ሰውን መጠርጠር የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

8. ረዳቱን አይርሱ

ረዳት ከሹፌሩ ኪስ አይከፈል። የራሱ ውል፣ ደመወዝና አበል ይኑረው፤ አለዚያ የሹፌሩ ክፍያ በወረቀት ላይ ያለውን ያህል አይደለም። ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች የሆነ ረዳት አይቅጠሩ፤ ወጣት ሠራተኛን በሌሊትና በትርፍ ሰዓት ማሠራት የተከለከለ ነው፣ ይህ ሥራ ደግሞ ከሁለቱም አያመልጥም።

9. ተቀናሽን ያጥብቡ

ከደመወዝ መቁረጥ የሚቻለው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ብቻ ነው። በአንድ ወር የሚቆረጠው ድምርም ከደመወዙ አንድ ሦስተኛ አይበልጥም። በምሳሌያችን ከ5,000 ብር በላይ መቁረጥ አይቻልም።

በጽሑፍ የሚለዩት፦

- የትራፊክ ቅጣት፦ በአነዳዱ የመጣው የሹፌሩ፤ በመብራት፣ በቦሎ፣ በኢንሹራንስ ወይም እርስዎ ባዘዙት ትርፍ ጭነት የመጣው የእርስዎ።
- የጎደለ ጭነት፦ ሲጫን ቆጥሮ ወይም መዝኖ ፈርሞ ከሆነ ብቻ። ታሽጎ የተረከበውን ኮንቴይነር ውስጥ ለጎደለው፣ ሲሉ ካልተነካ አይጠየቅም።
- ጎማ፦ የፈነዳ ጎማ በራሱ የሹፌር ዕዳ አይደለም። ጎማው ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደ መዝግበው ካልያዙ ምንም ማለት አይችሉም።

10. ግብርና ጡረታውን አስልተው ያሳዩት

ሹፌሮች የሚደራደሩት በእጅ በሚገባው ነው፤ ባለንብረቱ የሚያስበው ደግሞ በሚወጣው። ሁለቱን አንድ ገጽ ላይ ያስቀምጡ። ከ14,000 ብር በላይ ለሆነ ወርኃዊ ገቢ ግብሩ 35 በመቶ ሲቀነስ 2,050 ብር ነው። ከደመወዙ 7 በመቶ ጡረታ ከሠራተኛው ይቆረጣል፤ 11 በመቶ አሠሪው ይጨምራል።

ሦስት ዓይነት ወር (አበልና ትርፍ ሰዓት ሳይጨመሩ)፦

- ጥሩ ወር፣ 3 ቢያጆ፦ 15,000 + 7,500 = 22,500። ግብር 5,825፣ ጡረታ 1,050። በእጅ 15,625 ብር።
- መካከለኛ ወር፣ 2 ቢያጆ እና 4 የቆመ ቀን፦ 15,000 + 5,000 + 1,250 = 21,250። ግብር 5,387.50፣ ጡረታ 1,050። በእጅ 14,812.50 ብር።
- መኪናው ጋራዥ የዋለበት ወር፦ 15,000። ግብር 3,200፣ ጡረታ 1,050። በእጅ 10,750 ብር።

መጥፎው ወር ከጥሩው 69 በመቶ ገደማ ነው። ከ60 በመቶ በታች ከወረደ ወደ ደረጃ 3 ተመልሰው ደመወዙን ከፍ፣ የቢያጆ ክፍያውን ዝቅ ያድርጉ። ጠቅላላው ሳይለወጥ አደጋው ይቀንሳል።

11. ለእርስዎ ስንት እንደሚያወጣ ይወቁ

የአንድ ሹፌር ወርኃዊ ወጪ ከደመወዙ ይበልጣል፦

- ደመወዝ፦ 15,000
- የአሠሪ ጡረታ፦ 1,650
- ለዓመት ፈቃድ ተተኪ፦ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ስለሆነ 15,000 ÷ 26 × 16 ÷ 12 = 769
- ለሥራ ስንብት መጠባበቂያ፦ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ስለሆነ በወር 1,250 (ሁልጊዜ የሚከፈል ባይሆንም ሲመጣ በአንዴ ነው የሚመጣው)

ድምር 18,669 ብር። በወር በአማካይ 2.5 ቢያጆ ካለ፣ ለአንድ ቢያጆ 7,468 ብር። በዚያ ላይ የቢያጆ ክፍያ 2,500 እና አበል 7,000 ሲጨመር 16,968 ብር ይሆናል። የጭነት ዋጋ ሲደራደሩ ይህን ቁጥር ከናፍጣው አጠገብ ያስቀምጡት። ደላላ የሚጠራው ዋጋ ይህን ካልሸፈነ ጭነቱን አይቀበሉ፤ ከሹፌሩ ቀንሰው ለማሟላት አይሞክሩ። የሥራ ላይ ጉዳት መድንም እዚህ ይግባ፤ አሠሪ ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊ ነው።

12. ይጻፉት፣ ይፈራረሙ፣ ይሞክሩት

ውሉ ላይ ደመወዝ፣ የአዳር አበል፣ የቢያጆ ክፍያ፣ የቆመ ቀን ክፍያ፣ የናፍጣ ልክ፣ የተቀናሽ ዝርዝርና የክፍያ ቀን በቁጥር ይግቡ። ሙከራ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። በየወሩ ጠቅላላው፣ ተቀናሹና የተጣራው የሰፈረበት ወረቀት ላይ ሹፌሩ ይፈርም፤ አንድ ቅጂም ይውሰድ።

ነባር ሹፌር ካለዎት የመጀመሪያውን ወር በሁለቱም መንገድ አስልተው የበለጠውን ይክፈሉት። አዲሱ አሠራር ገንዘቡን እንዳልነካበት የሚያምነው ያኔ ነው።

በብዛት የሚታዩ ስህተቶች

- ለሁለት ሹፌሮች በአንድ መስመር የተለያየ ተመን መክፈል። ልዩነት ካስፈለገ በአገልግሎት ዘመን ወይም በመንጃ ፈቃድ ደረጃ ይሁን፤ ምክንያቱም ይጻፍ። ሹፌሮች ሎጊያ ላይ አብረው እራት ይበላሉ፤ አይደበቅም።
- ደመወዝን «ጭነቱ ሲከፈለኝ» ማለት። የአስጫኝ ዕዳ የሹፌሩ ዕዳ አይደለም። የአንድ ወር ደመወዝ የሚሆን መጠባበቂያ ከራስዎ ገንዘብ ያስቀምጡ።
- በከተማ አሸዋና ጠጠር ለሚያመላልስ ገልባጭ ያለ ጣሪያ በቢያጆ መክፈል። በ8 ሰዓት በደህና የሚሠራውን ቢያጆ ይቁጠሩ፤ ከዚያ በላይ አይክፈሉ።
- እንደ አዲስ አበባ–ሐዋሳ ባለ አጭር መስመር (275 ኪ.ሜ.) በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ማዘዝ። 550 ኪ.ሜ. በሰዓት 45 ቢሄዱ ከ12 ሰዓት በላይ መንዳት ነው፤ መጫንና ማራገፉ አልገባበትም። አንድ አዳር ይክፈሉ።
- አበልን ደመወዝ ሲጨምር አብሮ ይስተካከላል ብሎ መተው። የእራት ዋጋ የሚጨምረው በራሱ ጊዜ ነው፤ የማስተካከያ ቀኑን (ለምሳሌ መስከረም፣ ታኅሣሥ፣ መጋቢትና ሰኔ 1) ውሉ ላይ ይጻፉት።
- በቃል የተደረገ የደመወዝ ጭማሪ። ተጨማሪ ገጽ ተፈርሞ ከውሉ ጋር ይያያዝ።